ለየትኛው ልጅ የትኛው ሥርዓተ ትምህርት? ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ የባሕር ዳር ወላጆች

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ውጭ አገር የምትኖረው እህቷ የአራት የቤት ውስጥ ሥርዓተ ትምህርቶችን ስም ልካላታለች፤ ከእያንዳንዱ ስም ግርጌ ዋጋው በዶላር ተጽፏል። «እትዬ፣ እርስዎ አስተማሪ ነበሩ። የትኛውን ላስገዛት?» አለችኝ። «ለየትኛው ልጅ?» ብዬ መለስኩላት። ጥያቄው ግር አላት። ልጆቿ ሦስት ናቸው፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ምግብ ቀርቦ እንኳ ከመጽሐፍ የማይነቀል፣ የስምንት ዓመቷ እጇ የማያርፍ፣ የአምስት ዓመቱ ገና ፊደል ያልጨረሰ። እሷ አንድ ነገር አስገዝታ ለሦስቱም እንደ ዳቦ ልትቆርስላቸው ነበር ያሰበችው።

ከአቦል እስከ በረካ ያወራነውን፣ በኋላም ሳስበው የታወሰኝን ጨምሬ እዚህ አሰፍራለሁ። እኔ ሽምብጥ በሚገኘው ቤቴ ልጆቼን ሁለት ጊዜ አስተምሬአለሁ። የመጀመሪያው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ የክልላችን ሁኔታ ትምህርቱን ሲያቆራርጠው። ለአብዛኞቻችን ልጅን ቤት ማስተማር በምርጫ የመጣ ነገር አይደለም። ከውጭ የሚመጡት የምርጫ መመሪያዎች ግን መብራት አይጠፋም፣ ኢንተርኔት አይቋረጥም፣ ያዘዙት መጽሐፍ በሳምንቱ ደጅ ይደርሳል ብለው ይጀምራሉ። እኛ ከሌላ ቦታ መጀመር አለብን።

«ልጄ በማየት ነው የሚማረው»

ይህን አባባል ከብዙ ወላጆች ሰምቻለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። አንዱ ልጅ በማየት፣ ሌላው በመስማት፣ ሦስተኛው በመዳሰስ ይማራል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ግዙ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች መርምሮ ነበር። ልጁን በእንዲህ ያለ ስም ለይቶ በዚያው መንገድ ብቻ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። የጣናን ካርታ ለማወቅ ማንኛውም ልጅ ማየት አለበት፤ የግዕዝን ዜማ ለመያዝ ማንኛውም ልጅ መስማት አለበት። መንገዱን የሚወስነው ትምህርቱ ነው።

ታዲያ ልጆች ሁሉ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው፦ ከዚህ በፊት ምን ያውቃሉ፣ ስንት ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ የተማሩትን ቶሎ ይረሳሉ ወይስ ይይዙታል፣ ብቻቸውን አንብበው ይረዳሉ ወይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲያቅታቸው ምን ያደርጋሉ። አንዱ ዝም ይላል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ እየገመተ ያልፋል። ሥርዓተ ትምህርት ስትመርጡ ይህን ተመልከቱ።

ሁለተኛዋ ልጄ ያሳሳተችኝን ልንገራችሁ። በአምስት ዓመቷ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳትደናቀፍ ትለዋለች። «በመስማት የምትማር ናት» ብዬ የድምፅ ትምህርት ስፈልግላት ከረምኩ። አንድ ቀን ከጋዜጣ ላይ «ሞ»ን ብቻዋን ነጥዬ ባሳያት ዝም አለች፤ ከዚያ በሹክሹክታ መ፣ ሙ፣ ሚ እያለች ቆጥራ ደረሰችበት። ለካስ የያዘችው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን አታውቀውም። የቆሎ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ጥንት ያውቁታል። ሀሁን ያስቆጠሩትን ልጅ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ይመስለኛል፤ «አቡጊዳሄውዞ» ሲባል ሰባቱ ድምፆች ከሰባት የተለያዩ ቤቶች ስለሚመጡ ልጁ በዜማ ሊያመልጥ አይችልም። እኔ ገንዘብ አውጥቼ ልገዛው የነበረው መድኃኒት እዚያው ግድግዳችን ላይ በተሰቀለው ገበታ ሁለተኛ ገጽ ነበር።

ምሰሶው የመንግሥት መጽሐፍ ይሁን

ምንም ብትመርጡ የክልሉ የመማሪያ መጽሐፍ ከእጃችሁ አይውጣ። ምክንያቱ ፈተና ነው። ልጃችሁ አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና፣ 12ኛ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ ልጁን ከመዝገብ ከማስወጣታችሁ በፊት ወደ ክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና እንዴት እንደሚፈተንና እንዴት እንደሚመለስ ጠይቁ። የሪፖርት ካርዱንና መሸኛውን ቅጂ ያዙ። እኔ መሸኛ ሳልይዝ አንድ ትምህርት ቤት ለሁለት ወር አመላልሶኛል።

መጽሐፎቹ በፒዲኤፍ ስለሚገኙ ቴሌግራም ላይ ሲዘዋወሩ ታያላችሁ፤ የሚያስፈልጋችሁን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ይቻላል። ብዙ ወላጅ የሚረሳው የመምህሩን መምሪያ ነው። እሱን ካገኛችሁ ግማሽ ሥራችሁ ቀለለ።

ጉድለታቸውን አልሸፍንም። የተጻፉት በርካታ ተማሪ ላለበት ክፍል ነው። «በቡድን ተወያዩ» ይላል፤ ቤት ውስጥ ቡድኑ አንዲት ልጅና ድመት ናቸው። መልመጃዎቹም ለዘገምተኛ ልጅ ጥቂት፣ ለፈጣን ልጅ ቀላል ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ምሰሶውን ለመንቀል ከሆነ ግን ደግማችሁ አስቡ።

ሒሳብ፦ ለሚረሳውና ለሚደናገረው

ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ሒሳብ ላይ አውጡ። ታሪክ ዘንድሮ ቢያመልጥ በሚቀጥለው ዓመት ይደረስበታል፤ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ግን አልጀብራ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ተመላላሽ ነው፤ በአሜሪካ ሳክሰን የተባለው የሒሳብ መጽሐፍ የሚታወቅበት። በየቀኑ አንዲት ትንሽ አዲስ ነገር ያስተምራል፣ ከዚያ የሚሰጠው መልመጃ አብዛኛው ያለፈውን ሳምንትና ያለፈውን ወር የሚያስታውስ ነው። ሁለተኛው አንዱን ርእስ እስኪጠና ድረስ የማይለቅ ነው፤ ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣችው የሒሳብ ትምህርት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የሲንጋፖሩ ሌላም ነገር አለው። ልጁ መጀመሪያ ዕቃ ይነካል፣ ቀጥሎ ሥዕል ይሥላል፣ በመጨረሻ ቁጥር ይጽፋል።

ትልቁ ልጄ ሲያስረዱት ወዲያው ይገባዋል፤ በሳምንቱ ይጠፋዋል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ተመላላሹ ይሻላል። አሰልቺ ነው፣ ሥዕል የለበትም፣ ልጁ ያማርራል፤ ግን ይይዛል። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነና እንግሊዝኛ ማንበብ የለመደ ልጅ ብዙውን ብቻውን ሊሠራው ስለሚችል ለሥራ የሚወጡ ወላጆችንም ይረዳል። ሁለተኛዋ ግን በተቃራኒው ናት፤ ምክንያቱ ካልገባት አትራመድም። ከ42 ላይ 17 ስትቀንስ «አንድ ተበደር» ሲባል «ከማን? መቼስ እመልሳለሁ?» ትላለች። ለእሷ የሲንጋፖሩን መንገድ መረጥኩ፤ መጽሐፉን ግን አልገዛሁም። እናቴ ለስፌት የምታኖረውን ስንደዶ አሥር አሥሩን በክር አሰርኩ። አራት እስርና ሁለት ነጠላ ሰጥቻት «አሥራ ሰባት ስጪኝ» አልኳት። ነጠላው አልበቃት ሲል አንዱን እስር ራሷ ፈታችው። መበደር የሚባለው ያ ብቻ እንደሆነ ስነግራት «ታዲያ ለምን መፍታት አይሉትም?» አለች፤ መልስ አልነበረኝም። ክፍልፋይን በእንጀራ አስተማርኳት። ሩቡና ስምንተኛው መሶብ ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ ስምንተኛው ይበልጣል የሚለው ስሕተት በአንድ ምሳ ቀረ።

የምታስተምሩትን ልጅ ጠባይ ለማወቅ ይህን ሞክሩ። ዛሬ የገባውን ነገር ለአሥር ቀን ሳታነሡ ቆዩና ጠይቁት። ከጠፋው ተመላላሹ ይስማማዋል። ካልጠፋው ግን ቁጥሩ ሲቀየር ወይም ጥያቄው በታሪክ መልክ ሲመጣ ከተደናገረ፣ የያዘው አሠራሩን እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ወደ ዕቃና ሥዕል መልሱት።

የአሜሪካ መጽሐፍ ከገዛችሁ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን ተጠንቀቁ። ልጁ ሩብ ዶላር ሲቆጥር፣ በኢንች ሲለካ፣ ሙቀትን በፋራናይት ሲያነብ ይከርማል። ባለ አሥር ሳንቲሙ በመጠን ከባለ አምስቱ ያንሳል፤ እዚያ ያሉት ልጆች ራሳቸው የሚደናገሩበትን ነገር የሽምብጥ ልጅ ምን አድርግ ነው? እነዚያን ገጾች ዝለሉና ወደ ገበያ ውሰዱት።

የማያርፍ እጅና የጣና ዳር

ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት መምህርት (1842–1923 እ.ኤ.አ.) ያስተማረችው ዘዴ ለባሕር ዳር ልጅ የተሠራ እስኪመስል ይስማማል። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ከሃያ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ልጁ አንድ ጊዜ ይነበብለታል፣ ከዚያ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል። ጥያቄና መልስ መሙላት የለም። ከሰዓት በኋላ ወደ ውጭ ይወጣና ያየውን በተፈጥሮ ደብተሩ ይሥላል። አምብልሳይድ ኦንላይን የተባለው ዝግጅት ይህን ዘዴ ተከትሎ የመጽሐፍ ዝርዝሩን በነፃ ይሰጣል። ጣጣው ዝርዝሩ በሙሉ የእንግሊዝኛ ንባብ፣ ብዙውም የእንግሊዝና የአሜሪካ ታሪክ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዘዴውን ውሰዱ፣ ዝርዝሩን ተዉት። የጎደለውን አያት ይሙሉት፤ ተረት ሰምቶ መልሶ የሚናገር ልጅ ያው ትምህርት እየተማረ ነው።

የተፈጥሮ ደብተሩ ግን አንድም ነገር አይጎድለው። እጃቸው የማያርፍ ልጆችን አምጡልኝ። ዓሣ ከሚሸጥበት ቦታ ቀረሶና አምባዛ ገዝታችሁ ከማጽዳታችሁ በፊት ፊታቸው አስቀምጡ፦ የትኛው ቅርፊት አለው? ጢም የሚመስለው ለምን ያገለግላል? የእምቦጭን አገዳ ቆርጣችሁ ክፈቱላቸው፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ስለሆነ ለምን እንደሚንሳፈፍ ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል። ከዚያ የደንገል አገዳ ቁረጡና አነጻጽሩ፤ ጣንኳ ለምን ከደንገል እንደሚሠራ ይመልሱላችኋል። ዳር ላይ ያለ አንድ ድንጋይ መርጣችሁ ውኃው የደረሰበትን በየወሩ ይመዝግቡ። ሰኔ አካባቢ ዝቅ ያለው ሐይቅ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። የአንድ ዓመት መዝገብ ካላቸው ግራፍ መሣል ለምን እንደሚያስፈልግ አታስረዱም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ውኃው አፍ ድረስ አትሂዱ፤ ይህን ደግሞ እንደ እናት ነው የምናገረው።

ለማን አይሆንም? ማንበብ ለሚያስቸግረው ልጅ ብቻውን አይበቃም። ዘዴው ልጁ ውሎ አድሮ ራሱ ያነብባል ብሎ ይጠብቃል፤ ፊደልን ግን ደረጃ በደረጃ አያስተምርም። የአማርኛ ፊደል ለብዙው ልጅ ምቹ ነው፤ አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ይይዛልና። ሆኖም ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ አለው፤ ለ፣ ሰ እና በ ሲቀራረቡበት፣ ካዕቡንና ሣልሱን ሲያቀያይር የሚቆይ ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ ነው አትበሉት። በቀን ጥቂት ፊደል፣ ተለይቶ፣ ሳይሰለቹ መደጋገም ነው የሚያስፈልገው፤ ዓመት ካለፈና ፈቅ ካላለ ባለሙያ ይየው።

ለትንንሾቹ

ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በድሀ ሰፈር የከፈተችው የልጆች ቤት ዛሬ የሀብታም ልጆች መዋያ ስም ሆኖ መቅረቱ ያስቀኛል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ ዘዴው በጣም ጥሩ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ ግን ውድ ነው፤ አትግዙት። አናጺዎች እንጨት የሚያለሰልሱበትን ብርጭቆ ወረቀት በፊደል ቅርጽ ቁረጡና ካርቶን ላይ ለጥፉ፤ ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ ድምፁን ይናገራል። ምስር ከሽንብራ ይልቀም፣ ከማሰሮ ወደ ጣሳ ውኃ ይገልብጥ፣ ስኒ ይደርድር። ስኒ ይሰበራል። ይሰበር።

ማስታወስ የሚወድ ልጅ

ውጭ አገር «ክላሲካል» የሚሉት ትምህርት በሦስት ደረጃ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ሰዋስውና ሽምደዳ፣ ቀጥሎ አመክንዮ፣ በመጨረሻ የአንደበት ጥበብ። በላቲን ስለሚያስጀምሩ ብዙ ወላጅ እንደ ትልቅ ነገር ያየዋል። ጎጃም ተቀምጠን በዚህ መደነቃችን ይገርመኛል። ንባብ፣ ዳዊት፣ ዜማ፣ ከዚያ ቅኔ የሚለው ሥርዓት እዚሁ ነው ያለው፤ ዋሸራ ቅኔን ለመማር ከአገሩ ዳር እስከ ዳር ሰው ይመጣበት ነበር። እዚያ ማንም ልጅ በዕድሜው ክፍል አይመደብም፤ የያዘ ያልፋል፣ ያልያዘ ይቆያል፣ ያለፈው ያልያዘውን ያስቀጽላል። በሽምደዳ ብቻም አያበቃም፤ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ከራሱ አፍልቆ መቀኘት አለበት፤ የሌላውን መድገም አይቆጠርለትም። ብዙ የሚያስታውስ ልጅ ካላችሁ ከዚህ ሥርዓት ውሰዱ፦ የያዘውን ለታናሹ ያስተምር፣ በያዘውም አንድ አዲስ ነገር ይሥራበት። ላቲኑ ይቅርብን፤ ግዕዝ አለን።

ስክሪንና ጥቅል

ካን አካዳሚ በኢንተርኔት በነፃ የሚገኝ ጥሩ ትምህርት ነው፤ በተለይ ብቻውን መራመድ ለሚችል፣ በክፍሉ ለሚሰለች ፈጣን ልጅ። ሁለት ችግር አለው። እንግሊዝኛው ለትንንሾቹ ይከብዳል፤ ሌላውን የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠ ጊዜ ሙሉ ትምህርታቸውን በስልክ ያደረጉ ቤተሰቦች በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ የካን አካዳሚን ጨምሮ ብዙ ትምህርት አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮምፒውተር ያለው ቤት ኔትወርክ ባለበት ጊዜ ጭኖ ያስቀምጥ። ያም ሆኖ ከስክሪኑ አጠገብ ደብተር ይኑር፤ ልጁ ቪዲዮውን አይቶ «ገባኝ» ሲል አትመኑት፣ ዘግታችሁ አሠሩት።

ከውጭ የሚመጣ ሙሉ ጥቅል፣ ማለትም የዓመቱን ትምህርት በየቀኑ ከፋፍሎ «ይህን በል፣ ይህን አሳይ» የሚለው፣ ማስተማር ለሚያስፈራው ወላጅ መተማመኛ ይሰጣል። ልጆቻቸው ወደ ውጭ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ ለሚያውቁም ይሆናል። ለሌላው ግን ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ዛሬ ያሰባችሁት ዋጋ የምትከፍሉበት ቀን ላይ አይገኝም። የእንግሊዙ የካምብሪጅ ሥርዓተ ትምህርት መንገድም ያው ነው፤ ከ14 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠው አይጂሲኤስኢ የተባለው ትምህርት የሚፈተነው በተመዘገበ ማዕከል ነው፤ ክፍያው በየትምህርቱ ለየብቻ ነው። ልጁ በራሱ ይማር፣ ምንም አታስተምሩት የሚሉም አሉ፤ ጆን ሆልት የተባለው አሜሪካዊ ያስፋፋው ሐሳብ ነው። ሁለት ሳምንት ሞክሬዋለሁ። ልጆቼ ስለ እግር ኳስ ብዙ አወቁ።

የእናንተስ ቀን?

ጎረቤቴን መጨረሻ ላይ የጠየቅኋት ይህን ነበር። ጠዋት ሱቅ ትከፍታለች፤ ልጆቹ ዘንድ የምትሆነው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ሥርዓተ ትምህርት ለሦስት ልጅ ብትገዛ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ሰጥታ ይመሻል። ስለዚህ ሒሳብና ንባብን ብቻ ለየልጁ ለየነው፤ የቀረውን፣ ታሪኩን፣ ተፈጥሮውን፣ ተረቱን ሦስቱ አብረው ይማሩት፣ ትልቁ ይጻፍ፣ መካከለኛዋ ትሣል፣ ትንሹ ይናገር ተባባልን። ትልቁ ጠዋት ብቻውን የመንግሥቱን መጽሐፍ ያነብባል፣ ሒሳቡን በኮሊብሪ ይሠራል። የስምንት ዓመቷ ስንደዶዋን ይዛለች። ትንሹ ከአቡጊዳ ጋር ይታገላል። ስድስት ሳምንት ሞክረው የማይሄደውን ይቀይራሉ፤ ከዚያ በፊት መቀየር የለም ብያታለሁ፤ የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ማንኛውንም ነገር መጥፎ ያስመስለዋልና።

ለእህቷ የላከችውን መልእክት አሳየችኝ። «ዶላሩን ተይው፤ ለትልቁ ያገለገሉ የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፎች ሰብስቢ፤ ለመካከለኛዋ ለአሰለፈች የውኃ ቀለም። ለትንሹ ምንም አያስፈልገውም፤ እትዬ ብርጭቆ ወረቀት ቆርጠውለታል» ይላል።